በታክሳችን የታተመው ካርድ፦ መራጭን ማስረዳት ነው ወይስ መቀስቀስ?

ክሩን፣ ማለትም ይህን የኢንተርኔት መድረክ ውይይት፣ የከፈተው በአንድ የካሊፎርኒያ ከተማ የሚኖር አባል ነው። የከተማው ምክር ቤት የሽያጭ ታክስ በእያንዳንዱ ዶላር ላይ በግማሽ ሳንቲም ከፍ እንዲል ለኖቬምበሩ ምርጫ ሕዝብ ድምፅ የሚሰጥበት ጥያቄ አቅርቧል። ከዚያ ወዲህ በስድስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ካርድ በየቤቱ በፖስታ ገብቷል። የመጨረሻውን ካርድ ፎቶ አንሥቶ ለጥፎታል። በፊት ለፊት ገጹ ቀይ የእሳት አደጋ መኪናና ከጎኑ ፈገግ ብለው የቆሙ ሠራተኞች ይታያሉ። በላዩ በትልቁ የአምቡላንስ ፍጥነት ስለመጠበቅ፣ የመንገድ ጉድጓድ ስለመድፈንና መናፈሻ ስለማጽዳት ተጽፏል። የታክሱ መጠን ያለው ከኋላ፣ ከአድራሻው ሥር፣ በጥቃቅን ፊደል ነው። ደግፉ የሚል ቃል የለበትም፤ የከተማው ማኅተም ግን አለበት። ጠያቂው ይህ ሕጋዊ ነው ወይ ካለ በኋላ የራሱን አቋም አስከትሏል፦ ከተማ ራሱ ስላቀረበው ጥያቄ አንድ ሳንቲም እንኳ ማውጣት የለበትም።

መልስ 1 ሰላምታ አስቀድሞ ነገሩን ከሥሩ ይጀምራል። በ1974 የግዛቱ የፓርኮችና መዝናኛ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ለፓርክ ቦንድ ጥያቄ ከ5,000 ዶላር በላይ የሕዝብ ገንዘብ ለቅስቀሳ አውለዋል ተብለው ተከሰሱ። በ1976 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በከሳሹ በስታንሰንና በኃላፊው በዊሊያም ሞት ክርክር ውሳኔ ሰጠ፦ ሕግ በግልጽ ካልፈቀደለት በስተቀር መንግሥታዊ አካል አንዱን ወገን ለመደገፍ ገንዘብ ማውጣት አይችልም፤ እውነታውን በሚዛን ለማሳወቅ ግን ይችላል። የመኪና መለጠፊያ፣ ፖስተር፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ቅስቀሳ መሆናቸው አያጠያይቅም። በመካከል ያለው አሻሚ ነገር የሚለካው በአቀራረቡ፣ በቃናውና በወጣበት ጊዜ ነው። መልሱ ከፎቶው በመነሣት ካርዱ በሦስቱም ሚዛን እንደሚያጠራጥር ጠቁሞ ያበቃል።

መልስ 2 የጠያቂውን አቋም ታርማለች። አንድ ሳንቲም አይውጣ የሚለው መስመር በእርግጥ አለ፤ ያለው ግን በማሳቹሴትስ ነው። የዚያ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1978 በአንደርሰንና በቦስተን ከተማ ክርክር የከተማ ገንዘብ በሕዝብ ጥያቄ ላይ እንዳይውል ከልክሏል። የግዛቱ የዘመቻ ፋይናንስ ቢሮም ከዚያ ተነሥቶ፣ ገለልተኛ የሆነ ጽሑፍ እንኳ የተለየ የሕግ ፈቃድ ከሌለ በከተማ ወጪ ለየመራጩ ቤት እንዳይላክ ይከለክላል። በድረ ገጽ ማስቀመጥና በማዘጋጃ ቤት ለጠየቀ ሰው መስጠት ይቻላል። ውጤቱን ስትገልጽ ግን ደስተኛ አይደለችም፦ የንብረት ታክስ ጣሪያን የሚያነሣ ጥያቄ ሲመጣ የፖስታ ሳጥኑ የሚሞላው ገንዘብ ባላቸው የግል ኮሚቴዎች ወረቀት ነው፤ ሥራ የሚበዛበትና ድረ ገጽ የማይከፍት ሰው ከከተማው የሚደርሰው ነገር የለም።

መልስ 3 ሁለት መስመር ብቻ ነው። ደግፉ ወይም ተቃወሙ የሚል ቃል እስከሌለ ድረስ ካርዱ ሕጋዊ ነው ባይ ነው።

መልስ 4 በዚህ ላይ ወረደበት። ቃናው ሻካራ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን የክሩ ምሰሶ ሆኗል። መልስ 3 የደገመው የአማካሪ ድርጅቶችን ስብከት ነው ይልና በ2009 የተወሰነውን የቫርጋስና የሳሊናስ ከተማ ክርክር ያነሣል። በሳሊናስ የመብራት፣ የስልክና የመሰል አገልግሎት ታክስን የሚሽር ጥያቄ ቀርቦ ነበር። ከተማው ታክሱ ከተሻረ የትኞቹ አገልግሎቶች እንደሚቀነሱ አሳወቀና ተከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግልጽ የድጋፍ ቃል ካልኖረ ይፈቀዳል የሚለውን ሚዛን አልተቀበለም፤ የ1976ቱን ሚዛን አጸና። ያም ሆኖ ሳሊናስ ረታ። ያስረታው ምን እንደሆነ መልስ 4 አንድ በአንድ ይዘረዝራል፦ መረጃው በከተማው ድረ ገጽ ተቀመጠ፤ አንድ ገጽ ማጠቃለያ በማዘጋጃ ቤት ጠረጴዛ ላይ ለፈለገ ሰው ቀረበ፤ በየጊዜው ለነዋሪ በሚላከው የከተማው ጋዜጣ ላይ በደረቅ ቋንቋ ወጣ። ይቀነሳሉ የተባሉት አገልግሎቶችም ምክር ቤቱ አስቀድሞ በይፋ ድምፅ ሰጥቶ የወሰነባቸው ነበሩ። ከዚያ ወደ ፎቶው ይመለሳል፦ ከተማው ከዚህ በፊት ባለ ቀለም ካርድ በየሁለት ሳምንቱ ይልክ ነበር ወይ? ካልላከ ይህ የተለመደ አገልግሎት ሳይሆን ለምርጫው የተዘጋጀ ዘመቻ ነው።

መልስ 5 ቁጣውን አብርዶ የግዛቱን የፖለቲካ አሠራር ኮሚሽን ደንብ ይዞ ይመጣል። የኮሚሽኑ ጥያቄ ከፍርድ ቤቱ ይለያል፦ ወጪው እንደ ዘመቻ ወጪ ተመዝግቦ ሪፖርት መደረግ ነበረበት ወይ? የሚታየው ገንዘቡ ለጥያቄው ተብሎ ለብቻው የተመደበ መሆኑ፣ መልእክቱ ከከተማው የተለመደ የመገናኛ መንገድ ጋር መስማማቱ፣ አቀራረቡ ከሌሎቹ የከተማው ጽሑፎች ጋር መመሳሰሉ፣ ስሜት የሚቀሰቅስ ወይም የሚሟገት ቋንቋ መያዙ ነው። ከ200 በላይ ተመሳሳይ ወረቀት በሕዝብ ገንዘብ በፖስታ ሲላክ ደግሞ ሌላ ደንብም ይነካዋል። መልስ 5 ለጠያቂው የቤት ሥራ ይሰጠዋል፦ ያለፈውን ዓመት የከተማ ጋዜጣና ይህን ካርድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ወረቀቱን፣ ቀለሙን፣ የፊደሉን መጠንና የተላከበትን ድግግሞሽ ማነጻጸር።

መልስ 6 የተፈጸሙ ጉዳዮችን ያመጣል። የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የባቡር ድርጅት ባርት በ2016 ለ3.5 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ጥያቄ የዩቲዩብ ቪዲዮና የስልክ መልእክት አሰራጭቶ ሪፖርት ባለማድረጉ 7,500 ዶላር ተቀጥቷል። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ በ2017 ቤት ለሌላቸው ሰዎች የሚውል የሩብ ሳንቲም የሽያጭ ታክስ ጥያቄ ላይ ባወጣው ማስታወቂያ ተከሶ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቷል። ሁለቱም ጥያቄዎች በሕዝብ ድምፅ አልፈዋል። ቅጣቱ ውጤቱን አልቀየረውም።

መልስ 7 በዚህ ተናዶ፣ ቅጣቱንም የሚከፍለው ያው ታክስ ከፋይ ከሆነ ሕጉ ምን ፋይዳ አለው ብሎ ይሞግታል።

መልስ 8 መልስ 7ን ሳያጣጥል ያቃናዋል። ቅጣቱ ሁልጊዜ ከከተማው ካዝና አይወጣም። የ1976ቱ ውሳኔ ተገቢውን ጥንቃቄ ያላደረገ ባለሥልጣን በግሉ እንዲመልስ ሊደረግ እንደሚችል አስቀምጧል። ከጠበቃ ምክር መጠየቅ አለመጠየቁም ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ ነው። የካሊፎርኒያ የመንግሥት ሕግ አንቀጽ 8314 ደግሞ ጥሰቱ በቀጠለበት ቀን ሁሉ እስከ 1,000 ዶላር፣ በዚያ ላይ አላግባብ የዋለውን ሀብት ሦስት እጥፍ ያስከፍላል። ይህን ክስ የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ተራ ታክስ ከፋይ ግን ወጪው እንዲቆም ለብቻው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። መልስ 8 ሌላም ያክላል፦ በመራጮች መመሪያ የሚታተመው ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለ10 ቀን ለሕዝብ ክፍት ይሆናል። ሐሰት ወይም አሳሳች ነገር ያየ መራጭ ፍርድ ቤት እንዲያስተካክለው የሚጠይቀው በእነዚያ ቀናት ነው።

መልስ 9 የክሩ ረጅሙ ነው፤ በእኔ ግምት ዋናውም እሱ ነው። ጸሐፊዋ የከተማ ጽሕፈት ቤትን አሠራር ጠንቅቃ የምታውቅ መሆኗ ከአጻጻፏ ይታያል። ከተማ ዝም ይበል የሚለውን ከነጭራሹ አትቀበልም። ቁጥሩ ያለው በከተማው እጅ ነው፤ ከተማው ዝም ካለ ቁጥሩን የሚናገረው የሚጠቅመው ወገን ብቻ ነው። ከዚያ ትክክለኛው ወረቀት እንዴት እንደሚሠራ ታሳያለች። መነሻው የከተማው ጠበቃ የሚጽፈው ገለልተኛ ትንተና ነው፤ ከ500 ቃላት አይበልጥም። በድምፅ መስጫው ላይ የሚቀመጠው ጥያቄ ከ75 ቃላት አይበልጥም፤ ታክስ ከሆነም መጠኑን፣ በዓመት የሚገባውን ገንዘብና ለስንት ዓመት እንደሚቆይ መያዝ አለበት። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ከበራሪ ወረቀቱም የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ፣ በዋናው የፊደል መጠን ይቀመጡ ትላለች። ቀጥሎ ቤተሰብ የሚረዳው ስሌት ይመጣል፦ ታክስ በሚከፈልበት የ100 ዶላር ዕቃ ላይ 50 ሳንቲም ይጨመራል፤ አብዛኛው የምግብ ሸቀጥና በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት በካሊፎርኒያ የሽያጭ ታክስ አይነካቸውም።

ከዚያ ሌሎቹ ያላዩትን ነገር አየች። ካርዱ ላይ ያለው የእሳት አደጋ መኪና ያሳስታል። ለአንድ ዓላማ ብቻ የሚውል ልዩ ታክስ በከተማው ምክር ቤት ሲቀርብ የመራጩን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል። ወደ ጠቅላላ ካዝና የሚገባ ታክስ ግን ከግማሽ በላይ ካገኘ ያልፋል። ከተሞች ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ይመርጣሉ፤ ያን ከመረጡ ግን ገንዘቡን ለአምቡላንስም ለደመወዝም ለሌላም ማዋል የሚችለው በየዓመቱ በጀት የሚያጸድቀው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ሐቀኛ ወረቀት ገንዘቡ ወደ ጠቅላላ ካዝና እንደሚገባና ምክር ቤቱ ለማንኛውም የከተማ ሥራ ሊያውለው እንደሚችል በግልጽ ይጽፋል። ጥያቄው ቢወድቅ ምን ይሆናል የሚለውንም መጻፍ ይቻላል፤ ግን በይፋ የተወሰነ የበጀት ቅነሳ ካለ እሱን ብቻ፣ ከተወሰነበት ቀን ጋር። ያልተወሰነውን መዘርዘር ማስፈራራት ነው። ቅጽል አይገባም፤ አደገኛ፣ ወሳኝ፣ አንገብጋቢ የሚሉ ቃላት ሁሉ ይሰረዙ። የድጋፍና የተቃውሞ ክርክሮቹ፣ እያንዳንዳቸው እስከ 300 ቃላት፣ በመራጮች መመሪያው ውስጥ በየትኛው ገጽ እንዳሉ ይጠቀስ። ረቂቁ ላይ የጠበቃው ፊርማና ቀን ይኑር፤ ከድጋፍም ከተቃውሞም ኮሚቴ የጠየቀ ሁሉ አንድ ዓይነት ቅጂ ይሰጠው።

መልስ 10 ስለ ሕዝብ አስተያየት ጥናት ጽፎ ንግግሩን መልሶ ያከርረዋል። ጥያቄው ለምርጫ የሚመዘገበው ከምርጫው ቢያንስ 88 ቀን በፊት ነው። ከዚያ በፊት ከተማው አማካሪ ድርጅት ቀጥሮ በስልክ ያስጠይቃል፤ የትኛው ቃል ድጋፍ እንደሚጨምር ይለካል፤ ሪፖርቱ የአምቡላንስን ፍጥነትና የመንገድ ጉድጓድን ከላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ያው ቃል በቅደም ተከተሉ በመረጃ ካርድ ላይ ይታተማል። መልስ 10 ይህን በአደባባይ የሚፈጸም ስርቆት ይለዋል።

መልስ 11 ስርቆት የሚለውን ቃል አልወደደችውም። ጥያቄው በምርጫ ላይ ከመቀመጡ በፊት የሕዝብን ፍላጎት ማጥናት ተፈቅዷል፤ በ2008 በሳንታ ባርባራ ካውንቲ የአካባቢ መንግሥታት ማኅበር ላይ በቀረበ ክስ የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን አጽንቷል። ነገሩ የሚበላሸው ውሉ ላይ ነው። አንድ ድርጅት ጥናቱንም፣ የማስረዳት ሥራውንም፣ ቀጥሎ የድጋፍ ኮሚቴውን ዘመቻም ሲይዝ ድንበሩ ይጠፋል። ውሉ ጥያቄው በተመዘገበበት ቀን የሚያበቃ ይሁን፤ የጥናቱ ሙሉ ውጤትም የሕዝብ ሰነድ ሆኖ ይውጣ ትላለች። መልስ 10 ኋላ ተመልሶ ውሉ ላይ ተስማምቷል፤ ቃሉን ግን አላነሣም።

መልስ 12 ከኮሎራዶ ነው፤ በዚያ ያለችውን የኦሮራ ከተማ ሐበሾች እያሰበ ይጽፋል። ከ1992 ጀምሮ በሚሠራው የግዛቱ የታክስ ከፋይ መብት ማሻሻያ መሠረት ታክስ ወይም የመንግሥት ዕዳ የሚጨምር ጥያቄ ሲመጣ ከምርጫው ቢያንስ 30 ቀን በፊት የድጋፍና የተቃውሞ ማጠቃለያ፣ እያንዳንዱ እስከ 500 ቃላት፣ በአንድ ማስታወቂያ ለመራጮች ቤት ይላካል። ማጠቃለያው የሚጻፈው መራጮች ፈርመው ካስገቡት አስተያየት ነው፤ የሚያስገቡትም ከምርጫው 45ኛ ቀን በፊት ባለው ዓርብ እስከ ቀትር ነው። ማንም ካላስገባ የተቃውሞው ቦታ ባዶ ይቀራል። መልስ 12 ይህን ደጋግሞ ያሳስባል፤ ባዶ ቦታውን ሕግ አይሞላውም፣ ቀኑን የሚያውቅ መራጭ እንጂ።

መልስ 13 ወደ አገር ቤት ወሰደን። በኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ አማራጮቹ በሻፌታና በጎጆ ምልክት ቀርበው ፊደል የማያነብ ሰው እንኳ የሚመርጠውን ለይቶ መስጠቱን አስታውሶ፣ እዚህ 75 ቃል እንግሊዝኛ መደርደር ምን ይሉታል ብሎ ይጠይቃል።

መልስ 14 ምልክት ለሁለት አማራጭ ይበጃል እንጂ በአንድ ወረቀት ላይ ታክስ፣ ቦንድና የቻርተር (የከተማው መተዳደሪያ ሕግ) ለውጥ ሲደራረብ አይሠራም ይልና ውይይቱን ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ አንቀጽ 203 የሚሸፍነው የስፓኒሽ፣ የእስያ፣ የአሜሪካ ሕንዶችና የአላስካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችን ነው፤ ተናጋሪው ምንም ያህል ቢበዛ አማርኛ በዚህ አይገባም። ስለዚህ አማርኛ የሚገኘው በአካባቢ ሕግ ወይም በአካባቢ ፈቃድ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከሚገለገለው ሕዝብ 3 ከመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው ላይ ሲደርስ ዋና ሰነዶች እንዲተረጎሙ ያስገድዳል፤ አማርኛም በዚህ መንገድ ገብቷል። ሌላ ቦታ የሚኖር ማኅበረሰብ በጀት ሲዘጋጅ ነው መጠየቅ ያለበት፤ ካርዱ ከታተመ በኋላ አይደለም።

መልስ 15 የኅትመት ነገር ያወጋል። አማርኛው ሥራ የሚጀመረው ጠበቃው ያጸደቀው እንግሊዝኛ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ አንድ ቃል እንኳ ከተለወጠ አማርኛው እንደገና ይከፈታል፤ ስለዚህ ሁለቱም ላይ የቅጂ ቁጥርና ቀን ይኑር። ማተሚያ ቤቱ የግዕዝ ፊደል ከሌለው ወረቀቱ በአራት ማዕዘን ሳጥን ይሞላል፤ ፋይሉ ፊደሉን በውስጡ ይዞ ይላክ። መጠኑ ከ12 ነጥብ አይነስ፤ ጸ እና ጻ፣ ቸ እና ቼ በትንሽ መጠን ለአዛውንት ዓይን አንድ ናቸው። መጨረሻ የሚነበበው የቃላት ፋይሉ አይደለም፤ ከማተሚያ ቤት የተመለሰው ናሙና ነው፤ መስመር የሚሰበረውና ቁጥር የሚወድቀው እዚያ ላይ ነውና። ጥያቄው በድምፅ መስጫው ላይ የሚጠራበት ፊደል እንዳለ በእንግሊዝኛው ይቀመጥ፤ መራጩ የሚያገኘው ወረቀት እንግሊዝኛ ስለሆነ። ሁለተኛ ተርጓሚም አማርኛውን ለብቻው አንብቦ ለጠበቃው ያስረዳ፤ ጠበቃው የማያነበው ርዕስ ላይ ከተማችንን እንታደግ የሚል ሐረግ ቢገባ ገለልተኛው ወረቀት ቅስቀሳ ሆኖ ይወጣል።

መልስ 16 በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ የሚነገረውን ያርማል። ከታክስ ነጻ የሆነ የሃይማኖት ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት ዕጩን መደገፍም መቃወምም አይችልም፤ በሕዝብ ጥያቄ ላይ ግን በመጠኑ አቋም መያዝ ይችላል፤ እንደ ሕግ ነክ ማግባባት ይቆጠርለታል። ከከተማው ለመራጮች ትምህርት ገንዘብ የተቀበለ ማኅበር ግን ያንን ገንዘብ ለቅስቀሳ ማዋል አይፈቀድለትም። ሒሳቡን ይለይ፤ በዚያ ገንዘብ በተከራየው አዳራሽም የአንዱን ወገን ወረቀት አይበትን።

መልስ 17 አጭር ማሳሰቢያ ነው፦ ማንበብ የማይችል መራጭ የመረጠውን ረዳት ይዞ መግባት እንደሚችል የፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 208 ያረጋግጣል፤ አሠሪው ወይም ወኪሉ፣ እንዲሁም የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ወይም ተወካይ ግን ረዳት መሆን አይችሉም። በካሊፎርኒያ ረዳቱ እስከ ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። ድምፅ መስጫው ከምርጫው 29 ቀን በፊት በፖስታ መላክ ስለሚጀምር እርዳታውም ከዚያ ቀደም ብሎ ይደራጅ።

መልስ 18 ጠያቂው ራሱ ነው። አንድ ሳንቲም አይውጣ የሚለውን ትቶ መልስ 9 በዘረዘረችው ዓይነት ወረቀት እንደሚስማማ ይገልጻል፤ ለእሳት አደጋ መኪናው ካርድ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። በሕዝብ ሰነዶች ሕግ ለከተማው ጽሕፈት ቤት ሊያቀርብ ያሰበውን ዝርዝር ለጥፏል፦ የአማካሪው ውል፣ ደረሰኞቹ፣ የሕዝብ አስተያየት ጥናቱ፣ የካርዱ ረቂቆች፣ የጠበቃው ማጽደቂያ።

መልስ 19 በዝርዝሩ ላይ ሁለት ነገር አከለችለት። የጠበቃው ምክር ምስጢር ነው ተብሎ ሊከለከል ስለሚችል፣ በምትኩ ማን በየትኛው ቀን ለኅትመት እንደፈቀደ የሚያሳየውን ቅጽ ይጠይቅ። ደግሞም በጅምላ የተላከ የማስታወቂያ ፖስታ አብዛኛውን ጊዜ ለፖስታ ቤት የሚቀርብ ፎርም 3602 አለው፤ ስንት ካርድ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ዶላር እንደተላከ በአንድ ገጽ ያሳያል፤ ለሦስቱም ካርዶች ለየብቻ ይጠይቅ። ከተማው ሰነድ አለኝ ወይም የለኝም የሚለውን በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት፤ ስለዚህ ጥያቄው ድምፅ መስጫው ከመላኩ በፊት ይግባ።